የሥዕል ጀግና ሊያረጅ ይገባዋልን?

ሰው ይወለዳል፤ ያድጋል፤ ይጎለምሳል፤ ያረጃል፤ በመጨረሻም ይሞታል። ከዚህ የተፈጥሮ ሕግ ያመለጠ ሰው የለም። ይሁን እንጂ በሰው እጅ ተሥለው፣ በሰው ብዕር ተጽፈው፣ ለዚህ ሕግ የማይገዙ ፍጡራን አሉ። እነዚህም በባለ ሥዕል የትረካ መጽሔቶች ውስጥ የሚኖሩት ልዕለ ኀያላን ጀግኖች ናቸው። ከእናንተ መካከል ብዙዎቹ ሱፐርማንን፣ ባትማንንና ስፓይደርማንን በፊልም አይተዋቸው ይሆናል። ወደ ፊልም ከመግባታቸው በፊት ግን እነዚህ ጀግኖች የተወለዱት በአሜሪካ አገር፣ «ኮሚክ» በሚባሉት መጽሔቶች ላይ ነው። በኮሚክ ታሪኩ በተከታታይ ሥዕሎች ይተረካል፤ የባለታሪኮቹም ንግግር በሥዕሉ ውስጥ ይጻፋል። በየወሩ አዲስ ክፍል ይታተማል፤ በየወሩም ጀግናው ከጠላቱ ጋር ይፋለማል። አንባቢው በዚህ መካከል ያድጋል፤ ጀግናው ግን ባለበት ይቆማል።

እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ የሚከተለው ነው፦ የእነዚህ ጀግኖች ዕድሜ እንደ አንባቢዎቻቸው ዕድሜ ዓመት በዓመት መጨመር ይገባዋል ወይስ አይገባውም? ጥያቄው ሲሰሙት የልጆች ጨዋታ ይመስላል። ጠልቀው ሲያስቡት ግን ድርሰት ከጊዜ ጋር፣ ሰውም ከገዛ ዕድሜው ጋር ስላለው ግንኙነት የሚነሣ ከባድ ጥያቄ ነው። የእኔ አቋም ገና ከመነሻው ግልጽ ይሁን፤ ጀግናው ሊያረጅ ይገባዋል እላለሁ። ምክንያቶቼን በተራ አቀርባለሁ፤ እናንተም መዝናችሁ ፍረዱ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ልብ በሉ።

በመጀመሪያ ነገሩን በቁጥር እንመልከተው። ሱፐርማን ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው በ1938 ነው። የፈጠሩትም በክሊቭላንድ ከተማ ይኖሩ የነበሩ ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር የተባሉ ሁለት ወጣቶች ናቸው። ባትማን በማግሥቱ ዓመት፣ በ1939 ተከተለ። ስፓይደርማን የሆነው ፒተር ፓርከር ደግሞ በስታን ሊ ደራሲነትና በስቲቭ ዲትኮ ሠዓሊነት በ1962 ሲቀርብ፣ እንደ እናንተው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበር። በጊዜው ዐሥራ አምስት ዓመት ያህል ሆኖት ነበር ብንል፣ ዛሬ ዕድሜው ሰባ አምስትን አልፏል ማለት ነው። ሱፐርማን በ1938 ሙሉ ሰው ስለ ነበረ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሁለቱም ግን በመጽሔቶቻቸው ገጾች ላይ ዛሬም በወጣትነት ጉልበታቸው ይዘላሉ።

ስለ ተውላጠ ስሞች ስትማሩ «አንተ» እና «እርስዎ» የሚለያዩት በአክብሮት መሆኑን ተገንዝባችኋል። ለመሆኑ ፒተር ፓርከርን በመንገድ ላይ ብታገኙት በየትኛው ተውላጠ ስም ታናግሩት ነበር? መልኩን ያየ ሰው «አንተ» ይለዋል፤ የተወለደበትን ዘመን የቆጠረ ግን ከመቀመጫው ተነሥቶ «እርስዎ» ሊለው፣ «አባባ» ብሎም ሊጠራው ይገደዳል። አማርኛ የሰውን ዕድሜ ሳይገምት ሰውን መጥራት ያስቸግረዋል። የእነዚህ ጀግኖች ነገር ግራ የሚያጋባውም እዚሁ ላይ ነው፤ ትዝታቸው የሽማግሌ፣ ገላቸው የጎረምሳ ነው።

ጀግኖቹ የማያረጁት ለምንድን ነው? አንደኛው ምክንያት የንግድ ነው። ሲገልና ሹስተር በ1938 የሱፐርማንን መብት ለአሳታሚው በ130 ዶላር ሸጡ። ከዚያ ወዲህ ጀግናው የደራሲ ልጅ መሆኑ ቀርቶ የድርጅት ንብረት ሆነ። ሹስተር በ1992፣ ሲገል በ1996 ዐረፉ። ፈጣሪዎቹ አርጅተው ሲሞቱ ፍጡራቸው ግን ወጣት ሆኖ ለባለንብረቱ ገቢ ማስገባቱን ቀጠለ። የምትታለብ ላሙ እንድታረጅበት የሚፈልግ ባለቤት የለምና ይህ አያስደንቅም። ሁለተኛው ምክንያት ስለ አንባቢው የነበረው ግምት ነው። የቀድሞ አዘጋጆች አንባቢያቸው ሕፃን እንደ ሆነ፣ ከጥቂት ዓመታት በኋላም መጽሔቱን እንደሚተወውና ሌላ ሕፃን እንደሚተካው ያምኑ ነበር። አንባቢው የሚለዋወጥ ከሆነ ጀግናው ለምን ይለወጣል? አሉ።

ሦስተኛው ምክንያት ከድርሰቱ ጠባይ የሚመነጭ ነው። ጣሊያናዊው ሊቅ ኡምቤርቶ ኤኮ በ1962 ስለ ሱፐርማን ባወጣው ጥናት ይህንን ተንትኖታል። ሐሳቡ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ አንድ ባለታሪክ አንድ ድርጊት በፈጸመ ቁጥር አንድ እርምጃ ወደ ሞት ይጠጋል፤ ድርጊት ያለ ጊዜ አይፈጸምምና። ሱፐርማን ቢያገባ ወይም ልጅ ቢወልድ ዕድሜው መቆጠር ይጀምራል። ስለዚህ ደራሲዎቹ ጊዜውን ያደበዝዙታል፤ የትኛው ጀብዱ ከየትኛው ጀብዱ በፊት እንደ ተፈጸመ አንባቢው እንዳይጠይቅ ያደርጋሉ። ኤኮ ይህን ከጻፈ ወዲህ ግን የኮሚክ ታሪኮች ጠባይ ተለውጧል። ጀግኖቹ ያፈቅራሉ፤ ያገባሉ፤ ወዳጆቻቸውን ይቀብራሉ፤ የትናንቱንም ያስታውሳሉ። ክርክሬ የሚነሣው ከዚህ ነው። የሞቱትን የሚያስታውስ ታሪክ ያለፉትንም ዓመታት መቁጠር አለበት።

የመጀመሪያው ምክንያቴ፣ ጊዜ በሌለበት ምርጫ ክብደት የለውም የሚል ነው። የፒተር ፓርከርን ሕይወት እንውሰድ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ፒተር ከአንባቢዎቹ ጋር አብሮ ያድግ ነበር። በ1965 የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ፈጸመ፤ በዚያው ዓመት ዩኒቨርሲቲ ገባ። ከዚያ በኋላ ግን ጊዜው መንቀርፈፍ ጀመረ፤ ከዩኒቨርሲቲ የተመረቀው በ1978 ነው። የሚወዳት ልጃገረድ ግዌን ስቴሲ በ1973 በጠላቱ እጅ ሞተች። እርሷ ከሞተች ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏል፤ በመጽሔቱ አቆጣጠር ግን ያለፉት ጥቂት ዓመታት ብቻ ናቸው። በ1987 ፒተር ሜሪ ጄን የተባለችውን ወዳጁን አገባ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2007፣ ትዳር ጀግናውን አስረጅቶታል የሚል ሐሳብ በአዘጋጆቹ ዘንድ አየለ። በመሆኑም ፒተር የአክስቱን ሕይወት ለማትረፍ ሲል ከሰይጣን መሰል ፍጡር ጋር ውል እንዲገባ፣ በዚያም ውል ጋብቻው እንዳልነበረ እንዲሆን አደረጉ። ሃያ ዓመት ሙሉ የተነበበ ትዳር በአንድ ሌሊት ተሰረዘ።

ከዚህ አንድ የዐሥራ አምስት ዓመት አንባቢ ምን ይማራል? ቃል ኪዳን ቢከብድ ሊፋቅ እንደሚችል፣ ያለፈ ዘመንም ተመልሶ ባዶ ገጽ እንደሚሆን ይማራል። የእውነቱ ሕይወት ግን እንዲህ አይደለም። እናንተ ዘጠነኛ ክፍልን የምትማሩት በአንድ የሕይወታችሁ ዘመን ነው፤ ያ ዘመን ሲያልፍ ተመልሶ አይመጣም። አንድን ሰው ጀግና የሚያሰኘው ክንዱ መበርታቱ ብቻ አይደለም፤ አንድ ብቻ የሆነውን ሕይወቱን፣ ተቆጥሮ የተሰጠውን ዕድሜውን ለሌላው አሳልፎ መስጠቱ ነው። ዕድሜ የማያልቅበት ሰው ቀኑን ለሌላው ቢሰጥ ከባሕር በጭልፋ ቀድቶ እንደ መስጠት ነው፤ ምን ጎደለበት?

ሁለተኛው ምክንያቴ የታሪክ ነው። አይረን ማን የተባለው ጀግና በ1963 ሲፈጠር፣ ቶኒ ስታርክ የሚባል የጦር መሣሪያ አምራች ባለጸጋ በቬትናም ቆስሎና ተማርኮ ሕይወቱን ለማዳን የብረት ልብስ ሲሠራ እናያለን። ዓመታት እያለፉ ሲሄዱ ግን በቬትናም የቆሰለ ሰው ሽማግሌ መሆኑ አይቀርም ነበር። ስለዚህ የቆሰለበት ቦታ ወደ አፍጋኒስታን ተዛወረ፤ በ2008 የወጣው ፊልምም በአፍጋኒስታን ይጀምራል። በ2019 ደግሞ አሳታሚው ጦርነቱን በካርታ ላይ ወደማይገኝ፣ ሲያንኮንግ ወደሚባል የፈጠራ አገር ወሰደው። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ጀግናው እንዳያረጅ ሲባል ታሪክ ራሱ ከአገር ወደ አገር ተሰደደ። ቬትናም በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች ያለቁበት እውነተኛ ጦርነት ነበር። ለአንድ ባለታሪክ ወጣትነት ሲባል እንደ መድረክ መጋረጃ ተጠቅልሎ ሌላ መጋረጃ ሊሰቀልበት አይገባም።

የዚህ ተቃራኒ ምሳሌ ማግኒቶ ነው። ማግኒቶ በ1963 ሲፈጠር ተራ ክፉ ባለታሪክ ነበር። በ1981 ግን ደራሲው ክሪስ ክሌርሞንት በልጅነቱ ከአውሽዊትዝ የናዚዎች የእልቂት ሰፈር የተረፈ ሰው አደረገው። ይህ ያለፈ ሕይወቱ ለሰው ልጆች ያለውን ጥላቻና ፍርሃት የሚያስረዳ ምክንያት ሆነ። የአውሽዊትዝ ታሪክ ወደ ሌላ ጦርነት ወይም ወደ ፈጠራ አገር ሊዛወር አይችልም፤ ማድረጉም ነውር ነው። ስለዚህ ማግኒቶ ከ1945 በፊት የተወለደ ሰው ሆኖ ቀረ። ደራሲዎቹ ጉልበቱ እስከ ዛሬ ስለ ምን እንዳልደከመ ሌላ ሰበብ መፈለግ ግድ ሆነባቸው እንጂ የተወለደበትን ዘመን አልነኩም። ትዝታው ከዘመኑ ጋር ስላሰረው ክፉም ቢሆን ከብዙዎቹ ደጋግ ጀግኖች ይልቅ ሰው ይመስላል።

ሦስተኛው ምክንያቴ የመተካካት ነው። የባትማን ረዳት የሆነው ሮቢን፣ በእውነተኛ ስሙ ዲክ ግሬሰን፣ በ1940 ሲቀርብ ወላጆቹን ያጣ ሕፃን ነበር። በ1969 ዩኒቨርሲቲ ገባ፤ ልጁ ከሕፃንነት ወደ ተማሪነት ለመድረስ ሃያ ዘጠኝ ዓመት ፈጀበት ማለት ነው። በ1984 ናይትዊንግ የሚል የራሱን ስም ይዞ ራሱን ቻለ። ሆኖም ልጁን ያሳደገው ዘመን አሳዳጊውን አልነካውም፤ ባትማን ያው ባትማን ነው። በዚህም የተነሣ ዲክ አድጎ የሚወርሰው ቦታ አጣ። የፍላሽ ነገር ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ባሪ አለን የተባለው ፍላሽ በ1985 ዓለምን ለማዳን ሲል ሞተ፤ በ1986 ረዳቱ ዋሊ ዌስት ስሙንና ልብሱን ወረሰ። አንባቢዎች ዋሊን ከሃያ ዓመት በላይ እንደ ፍላሽ ካወቁት በኋላ፣ በ2008 ባሪ ከሞት ተመለሰ፤ ዋሊም ቦታውን ለቀቀ። አባት ከመቃብር ተነሥቶ የልጁን ወንበር ሲቀማ ማየት ደስ አያሰኝም። ወጣቶች ተራቸው እንደሚደርስ ማወቅ አለባቸው፤ ሽማግሌዎችም ተራቸውን ማስረከብ መቻል አለባቸው።

«ይህ ሁሉ በቃል ያምራል፤ በሥራ ግን አይቻልም» የሚሉ አሉ። እንደሚቻል የሚያረጋግጡ ሥራዎች ግን አሉ። ፍራንክ ኪንግ የተባለ አሜሪካዊ ሠዓሊ «ጋዞሊን አሊ» የተባለውን የጋዜጣ ባለ ሥዕል ትረካ በ1918 ጀመረ። የካቲት ወር ውስጥ፣ በ1921፣ ዋልት የተባለው ባለታሪክ ደጃፉ ላይ ተጥሎ ያገኘው ስኪዚክስ የተባለ ሕፃን ከአንባቢዎቹ ጋር አደገ፤ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ወታደር ሆነ፤ በ1944 አገባ። ካናዳዊቷ ሊን ጆንስተን ደግሞ በ1979 የጀመረችው የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ለሠላሳ ዓመት ያህል ከጊዜ ጋር እኩል ተጉዟል። ፋርሊ የተባለው የቤተሰቡ ውሻ በ1995 ኤፕሪል የምትባለውን ሕፃን ከወንዝ አድኖ ሲሞት፣ ብዙ አንባቢዎች እንደ ራሳቸው ውሻ አዘኑለት። ያዘኑለትም ከቡችላነቱ ጀምሮ ሲያረጅ ስላዩት ነው።

እነዚህ የተራ ሰዎች ታሪኮች ናቸው ትሉኝ ይሆናል። ከጀግኖቹም መንደር ምሳሌ አይጠፋም። በእንግሊዝ አገር በ1977 የተጀመረው ጀጅ ድሬድ በሩቅ የወደፊት ዘመን የሚኖር ሕግ አስከባሪ ሲሆን፣ በእኛ ዘንድ አንድ ዓመት ባለፈ ቁጥር በእርሱም ዘንድ አንድ ዓመት ያልፋል። ዛሬ በዕድሜ የገፋ ሰው ነው፤ ታሪኩ ግን አልተቋረጠም። ኤሪክ ላርሰን በ1992 ባስጀመረው «ሳቬጅ ድራገን» የጀግናው ልጅ ማልኮም በገጾቹ ላይ ተወልዶ፣ አድጎ፣ የአባቱን ቦታ ወርሷል። በ2019 ደግሞ ቺፕ ዝዳርስኪና ማርክ ባግሊ ፒተር ፓርከርን ከ1960ዎቹ ጀምሮ በእውነተኛው ጊዜ እያስረጁ በስድስት ክፍሎች ተረኩት። የተለመደው ስፓይደርማን ስልሳ ዓመት የተጓዘበትን መንገድ ይህ አጭር ሥራ ከመነሻው እስከ ፍጻሜው አሳየ።

አሁን ደግሞ የተቃዋሚዎችን ክርክር በቅንነት እንመርምር። አንዳንዶች፣ «በተረት ውስጥ አያ ጅቦ ስንት ዓመቱ ነው ብሎ የጠየቀ ልጅ አለን? ጦጣይቱስ መቼ አረጀች?» ይላሉ። እውነት ነው። የቤልጂጉ ሠዓሊ ኤርዤ በ1929 የጀመረው ቲንቲንም ደራሲው በ1983 እስኪሞት ድረስ ያው ወጣት ጋዜጠኛ ነበር፤ ይህም ደስታችንን አልቀነሰውም። ነገር ግን ልዩነቱን አስተውሉ። ተረት በአንድ ምሽት ተጀምሮ በዚያው ምሽት ያልቃል፤ የትናንቱ ተረት የዛሬውን አያስርም። ቲንቲንም ሚስት አልቀበረም፤ ልጅ አላሳደገም። እንዲህ ላለው ሥራ ዕድሜ አያስፈልገውም። የእኔ ክርክር ትዝታን፣ ሐዘንንና ትዳርን ከጊዜ ተበድረው ዕዳውን ለመክፈል እምቢ በሚሉት ታሪኮች ላይ ነው።

ሌሎች ደግሞ፣ «የአንድ ቀን ፍልሚያ ለመተረክ የስድስት ወር እትም ያስፈልጋል፤ ታዲያ ዕድሜው በየትኛው ይቆጠር?» ይላሉ። ይህ ተገቢ ጥያቄ ነው፤ ቀን በቀን መቁጠር በእርግጥ አይቻልም። እኔም የምጠይቀው ቀኑን ሳይሆን ዓመቱን ነው። በአንድ ጀብዱና በሚቀጥለው መካከል ጥቂት ወራት አልፈዋል ብሎ መጻፍ ለደራሲ የአንድ ዐረፍተ ነገር ሥራ ነው። «ነገ የሚመጣው ሕፃንስ የዐሥራ አምስት ዓመት ስፓይደርማን አያምረውምን?» ለሚሉት ደግሞ መልሱ በ2011 ተሰጥቷል። ማይልስ ሞራሌስ የተባለ ሌላ ልጅ የስፓይደርማንን ስም ይዞ ተነሣ፤ አንባቢዎችም ወደዱት። የድሮዎቹ መጻሕፍትም ቢሆኑ አልተቃጠሉም፤ የ1962ቱን ተማሪ ማየት የሚሻ የ1962ቱን መጽሔት ገልጦ ያገኘዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ የመጨረሻው ነው። «ሁሉ በሚለዋወጥበትና ወዳጅ በሚሞትበት ዓለም፣ የማይለወጥ አንድ ነገር ቢኖረን ምን አለበት? ጀግናውን ለምን ታስረጁብናላችሁ?» የሚል ነው። ይህንን የሚል ሰው መጽናናትን ነው የሚፈልገው፤ በመጽናናት ላይ ማፌዝ አይገባም። ሆኖም ሰው በይበልጥ የሚጽናናው የማያረጀውን በማየት ነው ወይስ እያረጀም የማይወድቀውን በማየት? ፍራንክ ሚለር በ1986 ባወጣው ሥራ ባትማን ሃምሳ አምስት ዓመት ሆኖት፣ ዐሥር ዓመት ሥራውን ትቶ ከቆየ በኋላ ሲመለስ ይታያል። ጉልበቱ ደክሟል፤ ገላው ያምመዋል፤ ይሁንና ይነሣል። ያ መጽሐፍ በባትማን ታሪክ ከታተሙት ሥራዎች ሁሉ እጅግ ከታወቁት አንዱ ሆኗል። የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ሆሜርም ይህንን ያውቅ ነበር። ኦዲሴየስ ከሃያ ዓመት በኋላ ወደ ቤቱ ሲመለስ፣ ቡችላ ሳለ ትቶት የሄደው ውሻው አርጎስ አርጅቶ በቆሻሻ ላይ ተኝቶ ያገኘዋል፤ ውሻውም ጌታውን አውቆ፣ ጅራቱን ወዝውዞ ይሞታል። ሃያው ዓመት ባይቆጠር ኖሮ ያ ሞት ማንን ያሳዝን ነበር?

እንግዲህ የክርክሩ ፍሬ ነገር ይህ ነው። ዕድሜ ለምርጫ ክብደት ይሰጣል፤ ታሪክን በቦታው ያጸናል፤ ለተተኪውም መንገድ ይከፍታል። በአንጻሩ የቆመው ጥቅም በአብዛኛው የባለንብረቱ ነው። ጀግኖቹ ቢያረጁ ከእነርሱ ጋር የምናሳልፈው ዘመን ያጥር ይሆናል፤ ነገር ግን ያ ዘመን እውነተኛ ይሆናል።

ይህ ጉዳይ ለእናንተ ለተማሪዎች የቅርብ ጉዳይ ነው፤ እናንተም ድርሰት ትጽፋላችሁና። ባለታሪክ ስትፈጥሩ ስም ብቻ ሳይሆን የተወለደበትንም ዓመት ስጡት። ታሪኩ ሲጀምር ስንት ዓመቱ እንደ ነበረ፣ ሲያልቅ ስንት እንደ ሆነው ማስታወሻ ያዙ። በመካከሉ ከጠጉሩ፣ ከአነጋገሩና ከወዳጆቹ ቁጥር ምን እንደ ተለወጠ ራሳችሁን ጠይቁ። «አንተ» ይባል የነበረው ሰው «እርስዎ» የሚባልበት ገጽ የትኛው ነው? ያንን ገጽ ያወቀ ደራሲ ባለታሪኩን ያውቀዋል። በእኔ አስተያየት የማትስማሙ ካላችሁም ዝም አትበሉ፤ ምክንያታችሁን በቅደም ተከተል አሰልፉ፤ የእኔን ምክንያቶች አንድ በአንድ አፍርሱ፤ ከዚያም በክፍላችሁ ቆማችሁ ተከራከሩ።